ለዘይነባ ሞተር የሚሆን ሽቦ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1988

ሽቦው እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል፤ ለእኔ ሥራ ግን አይሆንም። ይህን ለዘይነባ እንዴት ብዬ ልንገራት?

ዘይነባ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ልብስ ሰፊ። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ፔዳል መርገጥ ስለማትችል የስፌት መኪናዋን በኤሌክትሪክ ሞተር ነበር የምታንቀሳቅሰው። እሑድ ሞተሩ ተቃጠለ። ቅዳሜ አንድ የሳሪስ ሰውዬ መኪናውን ሊገዛ ይመጣል። ከሸጠች ቤቱን ለቃ ቡታጅራ ወንድሟ ዘንድ ልትገባ ነው።

"የሞተሩን ሽቦ እኔ እጠመጥምልሻለሁ፤ አሮጌ የመዳብ ሽቦ ብቻ ፈልጊልኝ" ብያት ነበር። ከቆራሌው ገዛች። እኔን ለማገዝ ብላ ከሰል ላይ አቃጥላ፣ በአመድ ፈትጋ አመጣችልኝ።

ሽቦውን የሸፈነውን ቫርኒሽ አብራ አቃጥላዋለች። ያለ ቫርኒሽ አንዱ ዙር ከሌላው ይነካካና ሞተሩ እንደገና ይቃጠላል።

ነገርኳት።

"ወርቅ አስመስዬ ባመጣልዎ ቆሻሻውን ፈለጉ?"

"አዎ፣ ቆሻሻውን።"

ሳቀች። ከዚያ ፊቷን አዞረች።

ረቡዕ

ራሴ ቆራሌው ዘንድ ሄድኩ። ውስጡ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ የተጣለ የረዥም መብራት ባላስት ሁለት አገኘሁ። አንዱ ውስጡ ከስሏል። የሌላው ሽቦ ደህና ነው፤ ቫርኒሹ አልተነካም። ውፍረቱን የምለካበት የለኝም። እርሳስ ላይ ጠምጥሜ ከሞተሩ አሮጌ ሽቦ ጎን አስተያየሁት። እኩል ናቸው። ተመስገን።

ከሰዓት መጠምጠም ጀመርኩ። እንደ ልማዴ የምቆጥረው በእግዚኦ ነው። ለአንድ ዙር አንድ እግዚኦ፤ አርባ አንድ ሲሞላ አንድ ባቄላ ኩባያ ውስጥ እጥላለሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች "ይሄ ጸሎት ነው ሜትር?" ትለኝ ነበር። ዛሬ ትዝ አለኝና እጄ ቆመ። በአፌ ማረን እላለሁ፤ ልቤ ባቄላው ላይ ነው።

ሐሙስ

ቁስቋም። ሥራ አልነካሁም። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ስለ ቆጠራው ጠየቅኳቸው። ሽቦው ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"ለሴትዮዋ እግር እየሠራህላት ነው። እግዚኦውን ቀጥል" አሉኝ። ትንሽ ራቅ ብለው ዞሩ። "ዙሩ ቢሳሳት ግን በእግዚአብሔር እንዳታሳብብ!"

አንድ ነገር ሳልነግራቸው ቀረሁ። ዘይነባ እንዳትሄድ የምፈልገው ለእሷ ብቻ ብዬ አይደለም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ጠዋት "ጋሽ ወልዴ፣ ደህና አደሩ?" የሚለኝ ሌላ ሰው የለም። ታዲያ ይሄ በጎ ሥራ ነው ወይስ ለራሴ?

ዓርብ

ጥምጥሙ አለቀ። ቫርኒሽ ቀብቼ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፤ ገጠምኩት።

ሶኬቱን ስሰካ ዘይነባ ዓይኗን ጨፍና "ቢስሚላህ" አለች። እኔም አማተብኩ። ዞረ! ግን ወደኋላ።

"ወላሂ፣ ሞተሩ ራሱ ቡታጅራ ሊሄድ ነው!"

የጥምጥሙን ሁለት ጫፎች አቀያየርኩ። አሁን ወደፊት ይዞራል። ስስ ጨርቅ ሰፋችበት። ወፍራም አልሞከርንም፤ መብራት ሄደ።

ቅዳሜ

የሳሪሱ ሰውዬ በጠዋት መጣ። መኪናውን ወዲያ ወዲህ አገላበጠው። ዘይነባ እሱ ፊት "ጋሽ ወልዴ፣ ይበረክታል?" አለችኝ።

ይበረክታል ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከሸጠች እንደምትሄድ አውቃለሁ። ብዋሻትና ነገ ቢቃጠልስ? ያኔ ሞተርም ገዥም የላት።

"ጂንስ ሳይሰፋበት አላውቅም" አልኳት።

ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞረች። "ይቅርታ ወንድሜ፣ አልሸጥም። ጂንስ ልሰፋ ነው።"

እያጉረመረመ ሄደ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰፋች። በየመሃሉ ሞተሩን ዳሰስኩት። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ጥምጥሙ እየተበላሸ ነው። ይሞቃል፤ ግን መዳፌን አላስነሳኝም። የተቃጠለ ሽታ የለውም።

"ነገ ይረፍ" አልኳት።

"ምነው፣ ክርስትና ተነሳ እንዴ?"

ሳቅን። ሰኞ ካኪ አለባት፤ እሱ ደግሞ ከጂንስ ይብሳል። ይችለው አይችለው እንጃ። ቅድም ሄጄ ዳሰስኩት፤ ቀዝቅዟል።