አንዷለም በቁሙ ሲለቀስለት

ይድረስ ህንድ አገር ላለኸው ለእህቴ ልጅ ለአንዷለም። የብቸናው ጊዮርጊስ በሄድህበት ሁሉ ይቅደምህ። እኛ ደህና ነን፤ አንተ ግን ሞተሃል፤ ባለፈው እሑድ አልቅሰንልሃል።

የገደለህ ሂንዱውም እስላሙም ሊሳለም ከሚጎርፍባት ከአጅሜር የላክኸው ፎቶ ነው። እናትህ መጀመሪያ አንገትህን አየች፤ ማተብ የለም። ቀጥላ እጅህን አየች፤ ቀይ ክር ታስሮበታል። «ልጄ ሞተ!» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። «እታለም፣ ማተቡ ተንሸራቶ እጁ ላይ ቀርቶ ይሆናል» ብላት በዱላ አባረረችኝ። ቢሆንም የለቅሶህን ንፍሮ ሳልቀምስ አልቀረሁም፤ ጨው ያንሰዋል።

ኮትህን ለቆሎ ተማሪ ሰጠችው። ትላንት ገበያ መካከል ኮቱን ከኋላ አይታ «አንዱዬ!» እያለች ሮጠች። ተማሪው ዞር ሲል በጥፊ መታችውና እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

እዚህ ፖስታ ውስጥ ማተብ አለልህ። «የእኔ ተበጠሰ» ብዬ ዋሽቼ እሷኑ ያስፈተልኋት ነው። እሰረውና ኮሌታህን ከፍተህ ፎቶ ተነሣ። አርባህ ሳይሞላ ይድረሰን፤ የተዝካርህ በግ ተገዝቷል። ከበላሁት በኋላ ብትነሣ አልመልስልህም።

እግዚአብሔር ከሞት ያስነሣህ።

አጎትህ ቢሆነኝ