ዳገቱን በሰላምታ

ጥሩዬ፣ የቤቴ እመቤት፣ ካለሽበት ይድረስሽ።

ልዩ መግለጫ! ገብስማዋ ዶሮሽ በሙሉ ድምፅ ተመርጣ፣ ያለ አንዳች ተቃውሞ አልጋዬ ሥር እንቁላል መጣል ጀምራለች። እኔም የቤቱ ሰፊ ሕዝብ እንደ መሆኔ አጨብጭቤ ተቀብያለሁ።

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። አማቻችን ከዳባት መጥቶ የሚያፈሰውን ጣሪያ ጠገነልኝ፤ አሁን የሚያፈሰው በሌላ በኩል ነው። የልጅ ልጃችን የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ስትስቅ ቁርጥ አንቺን ትመስላለች፤ ይህን ብላት አኮረፈችኝ።

የእሷ ክርስትና ትዝ ይልሻል? በዚያ ዓመት ጎንደር ላይ ሐኪሞቹ «የሳንባ ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል» አሉን። አዲስ አበባ ድረስ ሄደሽ በጨረር ታክመሽ ስትመለሺ ከአውቶቡሱ ተሸክሜ አወረድኩሽ። ከአልጋ እስከ ደጅ ለመድረስ እንኳ መሀል ላይ ትቀመጪ ነበር። ልጃችን ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እኛ ዘንድ መጥታለች። አንቺ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት በእግሬ ወጥቼ ክርስትናውን አያለሁ ብለሽ ማልሽ። በቅሎ ልዋስልሽ ብል፣ «እኔ ምን ጭነት ነኝ?» አልሽ።

እኔ ወንድ ነው እያልኩ ስፎክር፣ አንቺ ሴት ትሁን ብለሽ ለማርያም ተሳልሽ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የወንድ ክርስትና በአርባ ቀን፣ የሴት በሰማንያ። ለካ ለሳንባሽ ጊዜ እየለመንሽለት ኖሯል! ሴት መሆኗን ስትሰሚ እልል ለማለት ትንፋሽ አጥተሽ በእጅሽ አልጋውን መታሽው።

ከዚያ ዳገቱን የመውጣት ልምምዱ ተጀመረ። ትንፋሽሽ ባለቀ ቁጥር አንድ ደጅ ላይ ቆመሽ፣ «እንዴት ከረማችሁ? ከብቱ ደኅና? ገብሱ አሸተ?» ትያለሽ። እነሱ ሲመልሱ አንቺ ቀስ ብለሽ አየር ትስቢያለሽ። ካልበቃሽ የአማታቸውን ጤና ትጨምሪያለሽ። አገሩ ሁሉ «አቤት ትሕትናዋ!» አለ። የቀበሌውን ሊቀ መንበር እንኳ ስለ ላሙ ስትጠይቂው ስብሰባው ረፈደበት። «እማማ ጥሩወርቅ፣ እንደ እርስዎ ሰፊውን ሕዝብ የሚወድ ጓድ አላየሁም!» አለሽ። መልስ የሚሆን ትንፋሽ ስላልነበረሽ ራስሽን ነቀነቅሽ። እኔ ከኋላሽ ሳቄን በጋቢዬ አፈንኩ።

በክርስትናው ጠዋት የመጨረሻው ደጅ ስንደርስ የቤቱ ሰዎች ቀድመውን ወጥተዋል። ከንፈርሽ ጠቁሯል። ልሸከምሽ ስጠጋ በእጅሽ ከለከልሽኝና ለተዘጋው በር፣ «እንዴት አደራችሁ?» አልሽው። በሩን ተደግፌ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩሽ። ከብቱንም ገብሱንም አማትየዋንም አንድ በአንድ መለስኩልሽ፣ ትንፋሽሽ እስኪመለስ። ከዚያ በእግርሽ ቤተ ክርስቲያኑ ገብተሽ ሕፃኗን ታቀፍሻት።

በሽታው ተመልሶ እስኪወስድሽ ድረስ ስንት ፋሲካ አብረሽን ፈሰክሽ! አገራችን ጠመንጃ ለያዘ ሁሉ ይፎክራል። እኔ የምፎክረው በአንቺ ነው።

አሁን ያን ዳገት ስወጣ እኔም በየደጁ እቆማለሁ፤ ጉልበቴ አላስኬድ ብሎኛል። ስለ ከብቱ፣ ስለ ገብሱ እጠይቃለሁ፤ እነሱም ስምሽን ያነሱልኛል። በሕይወት እስካለሁ አንድ ደጅ አልዘልም፤ ቃሌ ነው።

የጉልበቴን ነገር ግን ፈጥሬው ነው። ጉልበቴ ደኅና ነው።