በትሮምቦን የነፋሁት መንዙማ

ኮምቦልቻ
ሚያዝያ 27 ቀን 1979 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ፣ ውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? እማስ ደህና ናት? ሳሏ ተሻላት ወይስ አሁንም መድኃኒቱን ደብቃ ጠጣሁ ትላለች? ሐርቡ ዝናቡ ጣለላችሁ ወይ? እዚህ ሰማዩ ማጉረምረም እንጂ መስጠት አልሆነለትም። እኔ አልሀምዱሊላህ ሙሉ ጤነኛ ነኝ። ከንፈሬ ብቻ ተሰነጣጥቋል፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ጋሼ ሞላልኝ፣ ይህን ለአባቴ የሚያነቡላቸው እርስዎ እንደሆኑ አውቃለሁ። የሰፈሩን ደብዳቤ ሁሉ ሲያነቡ ኖረዋል፤ አላህ ዓይንዎን ይጠብቅልዎ። ዛሬ ግን አደራ፣ የተጻፈውን እንደተጻፈ ያንብቡልኝ። አምና "የፋብሪካው ባንድ ውስጥ ትሮምቦን የሚባል ትልቅ የነሐስ መለከት እነፋለሁ" ብዬ የጻፍኩትን፣ "ትልቅ ማሽን ላይ መድበውኛል" ብለው እንዳነበቡት ደርሼበታለሁ። አባቴ እንዳይከፋቸው ብለው ነው፤ ክፋት እንደሌለበት አላጣሁትም። ግን እኮ አባቴ ዓመት ሙሉ ለማሽን ዱዓ ሲያደርጉ ከረሙ! ማሽኑ ደህና ነው፤ ዱዓው የሚያስፈልገኝ ለኔ ነበር።

እንግዲህ አባቴ፣ ወደ እርስዎ ልመለስ። እውነቱን የሰሙት በመጋቢት ነው፤ አጠገቤ ክር የምትፈትለውን የሰፈራችንን ልጅ ረሂማን ልኬብዎት። ለላብ አደሮች ቀን ደሴ፣ ሆጤ ሜዳ ላይ፣ ከክፍለ ሀገሩ የትንፋሽ መሣሪያ ኦርኬስትራ ፊት ቆሜ ብቻዬን እንደምነፋ ነገረችዎት። የምነፋውም እርስዎ የሚያወጡትን መንዙማ እንደሆነ አልደበቀችዎትም። ከፈቀዱ ዱዓ እንዲያደርጉልኝ፣ ካልፈቀዱ ደግሞ አይሆንም እንዲሉኝ ነበር የለመንኩት። እርስዎ ሰምተው ሲያበቁ ተነስተው በሬዎቹን ውሃ ሊያጠጡ ወረዱ አለችኝ። እሺም የለ፣ እምቢም የለ። ከሐርቡ የመጣ መኪና ሁሉ ሲቆም እየሮጥኩ መልእክት አለኝ ወይ ስል ሰነበትኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፣ አባቴ። ዝምታዎ አንጀቴን አሳረረው። በመጨረሻ ግን እኔም የማን ልጅ ነኝ፣ አትንፊ እስካልተባልኩ ድረስ እነፋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ለምን መንዙማ መረጠች ብለው ሳይገርምዎት እንዳልቀረ አውቃለሁ። ባንዱን የሚያሠለጥኑን፣ ኦርኬስትራውንም የሚመሩት የመቶ አለቃ ብሩ ናቸው፤ ከጦሩ ሙዚቃ ክፍል በጡረታ የወጡ፣ ቁጡ ግን ልበ ቀና ሰው። መሣሪያው ሲከፋፈል ሁሉም ትራምፔትና ክላርኔት ላይ ተረባረበ፤ ትሮምቦኑ ሳጥኑ ውስጥ ቀረ። እኔ ልውሰደው ስል የሴት ክንድ አይደርስበትም አሉኝ። ይህን ባይሉ ኖሮ ምናልባት እተወው ነበር! ትሮምቦን የሚጫኑት ቁልፍ የለውም፤ አንዱ ቧንቧ በሌላው ላይ ይሳባል፣ ይገፋል። ሰባት ማቆሚያ ቦታ አለው። ሰባተኛው ላይ ክንዴ እውነትም አይደርስም፤ ስለዚህ ቧንቧውን በጣቴ ጫፍ ገፍቶ መልቀቅና ሳይወድቅ መልሶ መያዝ ተማርኩ። አንድ ቀን አምልጦኝ ከፊቴ የተቀመጠውን የክላርኔት ነፊ፣ ፈንታሁንን፣ ማጅራቱን አገኘው። እስከ ዛሬ እኔ ስነሳ ዞር ብሎ ያየኛል።

ድምፁ ግን፣ አባቴ! ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቆረጥ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ወላሂ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ሐሙስ ማታ ድቤው ሲመታ፣ እርስዎ እየጎተቱ ሲያወጡ፣ ጀመዓው ሲቀበልዎ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ሌላው መሣሪያ ሁሉ ያንን መጎተት አይችልም፤ እየቆረጠ ነው የሚሄደው። የኔው ግን ቻለ። ሌላ ዜማ ምረጪ ሲሉኝ እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። የበዓሉ አዘጋጅ ጓድ ቀለሙ ዜማው ከየት የመጣ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የአጨዳ ዘፈን ነው፣ ገበሬው በደቦ ሲያጭድ የሚለው ነው አልኩት። ደስ አለው። "የሰፊው ሕዝብ የሥራ ዜማ" ብሎ ፕሮግራሙ ላይ አሰፈረው። እዚህ ላይ አፉ ይበሉኝ። የነቢን ውዳሴ አጨዳ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልመከረኝም።

ቀኑ ጁምዓ ዋለ፣ ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን። በፋብሪካው የጭነት መኪና ተጭነን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጀምሮ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ሜዳው ላይ ንግግሩ ማለቂያ አጣ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ ፀሐዩ አናቴ ላይ፣ ትሮምቦኑ ጭኔ ላይ። የመቶ አለቃ ብሩ ኮዳቸውን ይዘው መጡና በደረቅ ከንፈር ማንም ነፍቶ አያውቅም፣ አንድ ጉንጭ ውሃ ጠጪ አሉኝ። ጾመኛ ነኝ አልኳቸው። ወይ ጾሙን ወይ ትሮምቦኑን ምረጪ፣ አለዚያ ፈንታሁን በክላርኔት ይሸፍንሻል ብለው ጮሁብኝ። ሁለቱንም አለቅም፣ የሚሸፍነኝም የለም አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና ኮዳቸውን ከፍተው፣ እንዲንሸራተት ብለው ውሃውን ቧንቧው ላይ ረጩት። የዚያን ቀን ውሃ የጠጣ ትሮምቦኑ ብቻ ነው።

ተራዬ የደረሰው ከአስር ሶላት በኋላ ነበር። ከመስጊድ የወጣው፣ ሰኞ ገበያ ከሚባለው ሰፈር ሸቀጡን የሰበሰበው ሁሉ ሜዳውን ሞልቶታል። ተነሳሁ። ፈርቼ ነበር፤ ለሌላ ሰው አልናገረውም፣ ለእርስዎ ግን አልዋሽም። ቢስሚላህ ብዬ ነፋሁ። የመጀመሪያው ድምፅ ተሰንጥቆ ወጣ፤ ከኋላዬ አንዱ ሲስቅ ሰማሁ። እንኳን ሳቀ! እልሄ መጣ። ሁለተኛው ቀና፣ ሦስተኛው ሞላ፤ ሰባተኛው ቦታ ላይ ቧንቧውን ለቅቄ ስይዘው ፈንታሁን እንኳ አልዞረም።

ከዚያ ነው ጉዱ የመጣው። ልምምዳችን እንዲህ ነበር፤ የማውጣቱን ክፍል እጨርስና ራሴን እነቀንቃለሁ፣ የመቶ አለቃው በትራቸውን ያወርዳሉ፣ ኦርኬስትራው ይቀበለኛል። ሃያ ጊዜ ተለማምደነዋል። እኔ ግን ከጥሙ ነው ወይ ከዜማው፣ እንጃ፣ ሆጤ መሆኔን ረሳሁት። ልክ እንደ ቤታችን፣ አውጥቼ ዝም አልኩ። ጀመዓው እስኪቀበል ጠበቅሁ። ራሴን አልነቀነቅኩም። የመቶ አለቃው በትር አየር ላይ ቀረ፣ ኦርኬስትራው አፉን መሣሪያው ላይ እንደደቀነ ቀረ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ጭጭ አለ። ምን እንዳደረግኩ ሲገባኝ ላብ አጠመቀኝ። አለቀልኝ፣ ተዋረድኩ፣ አባቴም ይህን ይሰማሉ ብዬ አሰብኩ።

ያን ጊዜ በግራ በኩል፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ አንድ ሰው ተቀበለኝ። ብቻውን። የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ግን ልክ በቦታው ገባ፣ ቃሉም የመንዙማው ቃል ነው። አባቴ፣ ያን ድምፅ ሲያወጣ እንጂ ሲቀበል ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቀጥሎ አጠገቡ ያሉት ሴቶች አነሱት፣ ከዚያ ሜዳው በሙሉ፣ ጭብጨባው እንደ ድቤ። ዕንባዬ እየወረደ ሁለተኛውን አወጣሁ። ሦስተኛው ላይ የመቶ አለቃው በትራቸውን ወረወሩና በእጃቸው ኦርኬስትራውን ከሕዝቡ ጋር አስገቡት። አጂብ ነው፣ ያ ሁሉ ነሐስ መንዙማ ሲቀበል! ከንፈሬ የተሰነጠቀው ያኔ ነው፤ ሲደማ እንኳ አላወቅኩትም።

ወርጄ ወደ ዛፎቹ ስሮጥ ማንም አልነበረም። ሰውዬው የሐርቡን መኪና እንዳያመልጠው ቸኩሏል አሉኝ። መንገድ ላይ ነው ያፈጠረው ማለት ነው። በምን እንዳፈጠረ እያሰብኩ ሌሊቱን አልተኛሁም።

በማግስቱ ጓድ ቀለሙ ቢሮው አስጠራኝ። የአጨዳ ዘፈን የነቢን ስም መጥራት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው አለኝ። ዋሽቼህ ነበር፣ መንዙማ ነው፣ ወሎ ውስጥ ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ አልኩት። ምላሴን ያውቁታል። የመቶ አለቃ ብሩ ገብተው፣ ዕድሜ ልኬን ወታደር ሳሠለጥን ያን ያህል ሕዝብ አንድ ላይ ልክ ገብቶ አላየሁም፣ የምትቀጣ ከሆነ እኔን ቅጣ ብለው ተሟገቱልኝ። አልሆነም። ስሜን ከባንዱ ሰረዘ፣ ትሮምቦኑንም ዕቃ ግምጃ ቤት አስቆለፈበት። ይቆልፍ። የምነፋበት አፉ ኪሴ ውስጥ ቀርቷል፤ ከፈረቃ ስወጣ በየቀኑ እሱን ብቻ እየነፋሁ ከንፈሬን እጠብቃለሁ። ረሂማ እብድ ሆንሽ ትለኛለች። ለመስከረም ኦርኬስትራው እንደገና ሲሰበሰብ እዚያ ወንበር ላይ ያገኙኛል፤ ይህን ለመቶ አለቃውም ለጓድ ቀለሙም ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። ዝም ብዬ ክር እየፈተልኩ አልቀርም።

ያን ዕለት ከቢሮው ልወጣ ስል ጓድ ቀለሙ በሩ ላይ አስቆመኝና አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቀኝ። መጀመሪያ የተቀበለው ሽማግሌ ስሙ ማን ነው፣ አገሩስ የት ነው አለኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ነበር። ሰውዬውን በዓይኔም አይቼው አላውቅም አልኩት። ማይ አለኝ። ማልኩለት።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልሰድም፤ ረሂማ በእጇ ታደርስልዎታለች። ለእማ ናፍቆቴን ይንገሩልኝ። አላህ ጾማችሁን ይቀበላችሁ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፣ ለኢድ በሰላም ያገናኘን። ትንሽ ቴምር ልኬያለሁ።

የማልኩበትን ቀን ጾሜን ግን ከኢድ በኋላ ሌላ ቀን ጾሜ ቀዷ አወጣለሁ። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ፣ አባቴ።

ልጅዎ