በዱቄቱ ጆንያ ላይ ያለው ቁጥር

ሪያድ፣ ሐምሌ 2008 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘይቱና፣ ሰላምታዬ ከነቤተሰብሽ ይድረስሽ። እኔ ከሙቀቱ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ልጅሽ ነቢል የመን ከገባ ወዲህ አልደወለም ብለሽ አይክፋሽ። እዚያ መርከቦች ለፍተሻ ባሕር ላይ ስለሚቆሙ ናፍጣ ጠፍቷል፤ መብራትም የለም። ተዋጊዎቹ ኩዌት ላይ ሲደራደሩ ናፍጣ ይረክሳል፤ ድርድሩ ሲቋረጥ ይወደዳል። አንድ የመናዊ ሾፌር፣ "ተዋጊዎቹ አልደከሙም፤ የደከመችው መኪናዬ ናት" ይለኛል።

እኔ እዚሁ ሪያድ፣ ጀራዲያ ሰፈር አጠገብ፣ ወደ የመን የሚሄድ የእርዳታ ዱቄት እጭናለሁ። በየጆንያው ላይ በአማርኛ "ነቢል፣ ለአጎትህ ደውል" ብዬ ስልኬን እጽፋለሁ። አለቃችን ማጂድ ምንድን ነው ቢለኝ፣ "የጫኙ ምልክት ነው" አልኩት።

"ያላ፣ እንግዲያው አሳምረህ ጻፈው!" ብሎኝ ሄደ።

ትናንት ከየመን ተደወለ። ሮጬ አነሳሁት። ቁጥሩን ጆንያው ላይ ያየች አንዲት እናት ናት።

"ወንድሜ፣ ዱቄቱ አለቀ፤ ሌላው መቼ ይመጣል?" አለችኝ።

ኢንሻአላህ በቅርቡ አልኳት። ስለ ሐበሻ ልጆችም ጠየቅኋት። ባሏ ሆስፒታል ስለሚሠራ ጠይቃው ልትደውልልኝ ቃል ገባች።

እስቲ፣ ነቢል በልጅነቱ ከዛፍ የወደቀ ጊዜ የቀረበት ጠባሳ በየትኛው ጉልበቱ ነበር? እኔ ረስቼው ነው። ሴትዮዋ መልሳ ሳትደውል መልሱን ቶሎ ላኪልኝ።

የቤቱን ሰው ሁሉ ሰላም በዪልኝ፤ ዱዓሽ አይለየኝ።

ወንድምሽ አሊዪ