ሣሩን የሚያርመው

አዲስ አበባ፣ አንዋር መስጊድ ሰፈር
ሐምሌ 1970 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ከሄድሽ ወዲህ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የወሎ አየርስ ተስማማሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽን ግን አላህ ይወቀው። ይህን ደብዳቤ ወደዚያ የሚመጣው ሐምዱ በእጁ ይሰጥሻል፤ ለሌላ ሰው አታሳዪ።

እማዬ፣ አባባ ግቢያችን ውስጥ የተከለውን ሣር ያርም የነበረው ወንድሜ ጠይብ ነው። የቀበሌ ሰዎች ሞቷል ብለው ጃኬቱን ካመጡልን ወዲህ ማንም አልነካውም። በሰኔ ዝናብ እንግጫና አሜከላ ዋጠው።

አንድ ጠዋት ስወጣ ግማሹ ታርሟል። የግቢው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። እንግጫው ላይ ላዩን አልተበጠሰም፤ ሥሩ በማንኪያ ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ጉድጓዱም አፈር ተሞልቶ በአውራ ጣት ተጠቅጥቋል። የጠይብ አሠራር ነው። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ጂን ነው ብዬ ከቁርኣን ያሲንን አስቀራሁ፤ ሣሩ ግን ጭራሽ አማረበት።

ጎረቤታችን እትዬ ሠርኬ በአጥር አሻግረው አይተው፣ «ቤታችሁ ሐዘን ነው፤ ሣራችሁ ግን ሠርግ ያለበት ይመስላል» አሉኝ። ወሬው የቀበሌው ጥበቃ ገብረ ኢየሱስ ጆሮ ገባ። ጠመንጃውን እንዳነገተ መጥቶ ማን እንደሚያርመው ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። «እስቲ እጅሽን» አለኝ። ዘረጋሁለት። እማዬ፣ ጥፍሬ ሥር ቅንጣት አፈር አልነበረም! አገላብጦ አየውና «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

በሩን ዘግቼ ባዶው ቤት መሀል ቆምኩ። ጮክ ብዬ፣ «ወንድሜ፣ አንተ ከሆንክ ተው፤ ይብቀል» አልኩ። ከላይ ኮርኒሱ አንዴ ሲጥ አለ።

ገብረ ኢየሱስ በማግስቱ ሲመጣ ተንበርክኬ ስቆፍር አገኘኝ። ጭቃ የሞላውን ጥፍሬን አይቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሣሩን የነካ የለም። አረሙ እንደገና ጉልበቴ ደርሷል። ጂን ቢሆን «ተው» ስለው አይሰማኝም ነበር፤ እኔም ያንን ባየሁ ጊዜ ነው ከፍርሃቴ ወጥቼ ያለቀስኩት።

የቀረውን በወረቀት አልነግርሽም። ብቻ ለነፍሱ ያሰብሽውን ሰደቃ ተይው። አንድ ወፍራም ጋቢ ላኪልኝ፤ ለወንድ ቁመት የሚሆን። የጠየቀሽ ካለ ለልጄ ነው በይ፤ ውሸት አይሆንብሽም።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። ዱዓሽ ከሁለታችን አይለይ።

ልጅሽ