እስከ አስራ አንደኛው ፖል

ሐሙስ፣ ህዳር 3 ቀን 1996

ዘላለም፣ ዛሬም ብርድ ልብሱን አልጎተትክብኝም። ሙሉውን ለብሼ ነቃሁ። ሙቀቱ አስጠላኝ። ተነስተህ ጎትት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?

ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ መጣሁ። በክራንች። ሒሳብ አራት ከአስር። በል ሳቅብኝ።

ጋቢና የኔ ነው ብለህ ገፍትረኸኝ ገባህ። ታላቅ ነኝ አልክ። ከሰኮሩ ወጥተን እስከዚያ ኩርባ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልተቀመጥክበትም። ደስ አለህ? እኔ ከኋላ ሆኜ በአደጋው ጉልበቴ ብቻ ተሰበረ። አንተ... አርባህ ከወጣ ዛሬ አምስት ቀን።

ሐኪሙ ጀሶውን ሲፈታ፣ "በየቀኑ ካልተራመድክበት እስከ ጥምቀት ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ አይታጠፍም" ብሎኛል። ይድረቅ! አንተ አፈር ውስጥ ተኝተህ እኔ ወዴት ልራመድ ነው?

እሁድ፣ ህዳር 6

ሽማግሎች መጡ። ከፊት የሽማግሎቹ መሪ አባቦራ፣ ከኋላ ሸኩር። የዚያ መኪና ሹፌር። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"አቶ ወልደሰማያት፣" አሉ አባቦራ፣ "ጥፋቱን ተሸክሞ መጥቷል። ያለ እርስዎ የሚያወርድለት የለም።"

አባዬ ድንጋዩን አየው። ድንጋዩ ሸኩርን ወደ ታች ይጫነው ነበር። ይጫነው፣ አልኩ።

"አውርዱለት" አለ አባዬ። እውነት አልመሰለኝም። ከዚያ ደግሞ፣ "ካሳ አልቀበልም። አንዱን ልጄን ወስደህብኛል። ይሄኛው አልራመድም ብሏል። ብቻውን እስኪሄድ ድረስ በየጠዋቱ እየመጣህ ታራምደዋለህ።"

እኔን ማን ጠየቀኝ?

"አባዬ፣ እምቢ!"

"ዝም በል፣ ዓምደሚካኤል።"

ሽማግሎቹ መረቁ። ሁሉም አሜን አለ። እኔ አላልኩም።

ሰኞ፣ ህዳር 7

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ተንኳኳ። እሱ ነው።

"ዛሬ እስከ አጥሩ በር። በቃ።"

"ነገስ?"

"ነገም እስከ በሩ።"

ክንዴን ያዘ። መሪውን የያዘው እጅ ነው። ላቡ ሸሚዜን አረጠበው፤ ገብቼ ሸሚዙን ቀየርኩ።

ረመዳን ነው፣ ይጾማል። ስንመለስ ፊቱ ቆሜ ውሃ ጠጣሁ። ቀስ ብዬ፣ እያጣጣምኩ። ምራቁን ዋጠ። ደስ አለኝ።

አባዬ "ጋሽ ሸኩር በለው" ይላል። ጋሽ!

ረቡዕ፣ ህዳር 9

ከቤታችን እስከ አስፋልቱ አስራ አንድ የመብራት ፖል አለ። አስራ አንደኛው ደርሼ ብቻዬን ከተመለስኩ ውሉ ያልቃል፤ አባቦራ ናቸው ያሉት። እንግዲያው እራመዳለሁ። ጉልበቴ እንዲድን አይደለም። ይሄ ሰውዬ ከደጃችን እንዲጠፋልኝ ነው።

በየሦስት ቀኑ አንድ ፖል እንጨምራለን ይላል። "መኪናም የሚነሳው በአንደኛ ማርሽ ነው። ሱታ፣ ሱታ።" ቀስ በል ማለቱ ነው፣ በኦሮምኛ።

"ያን ቀን ሱታ የት ሄዳ ነበር?" አልኩት።

እስክንመለስ ድረስ ክንዴን አልለቀቀም።

ማክሰኞ፣ ህዳር 15

ኢድ ነው። አይመጣም ብዬ ተኛሁ። መጣ! ነጭ ጀለቢያ ለብሶ።

"ዛሬ ኢድ አይደል እንዴ?"

"ነው። ሶላቱ ሁለት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ፖል ደርሰን እንመለሳለን።"

መንገድ ላይ ሰው ሁሉ "ኢድ ሙባረክ" ይለዋል። እኔን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ይጨብጣል። እንደ ዕቃ። ለእኛ ደግሞ ዛሬ የነቢያት ጾም ገባ። እኔ በመጀመሪያው የጾም ቀን ስንቱን ሰው ረገምኩ?

ሐሙስ፣ ህዳር 24

ጥላሁን በክፍሉ ሁሉ ፊት፣ "ዓምዴ! ገዳያችሁ ክራንች ሆነልህ አሉ! ቤንዚን ታጠጣዋለህ ወይስ በነጻ ነው?" አለኝ። ሳቁ። ሊያ እንኳ ሳቀች።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ክራንቹን ደጅ ወርውሬ ብቻዬን ወጣሁ። ዛሬውኑ አስራ አንዱንም ጨርሼ ልገላገል ብዬ። አምስተኛው ደህና ነበር። ስድስተኛው ላይ ጉልበቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቷ አለ። ሰባተኛው ጋ ወደቅሁ። ባለሱቁ ኑሪ አዝሎ አመጣኝ።

አርብ፣ ህዳር 25

ጉልበቴ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ሸኩር አየው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር፤ እመልስለት ነበር።

"ለእልህ ነው የሄድከው?"

"ምን አገባህ?"

"እልህም ይሁን። ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አድርገው። ሁሉንም በአንድ ቀን ከጨረስከው ለነገ ምን ይተርፍሃል?" ከዚያ ተነሳ። "በል፣ እብጠቱ ሲጎድል ከአልጋው እስከ መስኮቱ።"

"እንደገና ከመጀመሪያው?"

"ከመጀመሪያው።"

ማክሰኞ፣ ታህሳስ 6

እስከ አጥሩ በር። እጠላዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ታህሳስ 17

አራተኛው ፖል። እዚያ ቆመን ስናርፍ ጠየቅሁት። ሦስት ወር ሙሉ ሊጠይቀው የደፈረ የለም። አባዬም፣ ሽማግሎቹም።

"እዚያ ኩርባ ላይ ለምን ቀደምክ?"

መሬት መሬት አየ። አላህ የጻፈው ነው ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ፍሬን እምቢ አለኝ ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

"ከፊቴ አይሱዙ ነበር" አለ። "ጭሱ ሰለቸኝ።"

"እ?"

"ጭሱ። ከዚያ በቀር ምክንያት የለኝም። ልዋሽህ አልችልም።"

ጭስ! ዘላለም፣ ሰማህ? ጭስ።

ክንዴን መነጨቅሁት። በክራንቼ ተመለስኩ። አስር እርምጃ ያህል ወደኋላ ሆኖ ተከተለኝ። ምን ነበረበት ቢዋሽ?

ሐሙስ፣ ታህሳስ 22

በየቀኑ ሄድን። አምስት ቀን ቃል አልተነጋገርንም። አምስተኛው ፖል። ሐኪሙ ጉልበቴን አጥፎ አየና "ጥሩ ነው፣ ማን ነው የሚረዳህ?" አለ። "ማንም" አልኩ።

ሐሙስ፣ ታህሳስ 29

ገና ትናንት አለፈ። አንተ የምትበላበትን ሳህን እማዬ አቀረበችው፣ ከዚያ መለሰችው።

ዛሬ ሳይንኳኳ ነቅቼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን አገኘሁት። ምን ሆኛለሁ? የአጥሩ በር ሲንኳኳ ክሩን ፈታሁት። ስጠብቀው የነበረ እንዳይመስለው።

ስምንተኛው ፖል። ክራንቹ አንድ ብቻ ነው አሁን።

እሁድ፣ ጥር 9

ጨረስኩ። አባዬና አባቦራ ደጅ ቆመው ነበር። ያለ ክራንች እስከ አስራ አንደኛው ሄጄ ተመለስኩ። ሸኩር አጥሩን ተደግፎ ያይ ነበር። ሁለት ጊዜ ወደፊት ራመድ ብሎ ራሱን መለሰ።

"ተፈጸመ" አሉ አባቦራ።

እጁን ዘረጋልኝ። ሁሉም ያዩኛል።

"ከነገ ጀምሮ አትምጣ" አልኩትና ገባሁ።

ሰኞ፣ ጥር 10

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃሁ። ማንም አላንኳኳም። ይኸው የፈለግሁት። ተመልሼ ልተኛ ሞከርኩ፤ እግሬ እምቢ አለ። ለበስኩና ወጣሁ።

አስራ አንደኛውን አለፍኩት። አስፋልቱን ተሻገርኩ። ወደ ሸኩር ሰፈር፣ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ በሚወስደው መንገድ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ፖል አልቆጠርኩም። ቤቱን አውቀዋለሁ።

ሚስቱ ኩልሱም ከፈተችልኝ። ሸኩር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አንዱ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ ሌላው ባዶ። እኔን ሲያይ አፈረ።

"ልማድ ሆኖብኝ" አለ።

ሳልቀመጥ ተናገርኩ። "አባቴ ይቅር ብሎሃል። እኔ አላልኩም። የዚያን ቀን አሜን አላልኩም፤ ዛሬም አልልም። ሰው ልኬ እንዳልነግርህ ነው በእግሬ የመጣሁት።"

ኩልሱም አፏን ያዘች። እሱ ራሱን ነቀነቀ። "ገብቶኛል። ልክ ነህ።" ከዚያ ጉልበቴን አየና፣ "ቁልቁለቱ ለጉልበትህ ክፉ ነው። እስከ አስፋልቱ ልያዝህ?"

"አልፈልግም።"

ቁልቁለቱ እውነትም ክፉ ነበር። ሁለት ቦታ ቆምኩ። ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣ ቀጠልኩ። ፀሐይ ወጥታ ሰው ሁሉ ለከተራ ሽር ጉድ ይላል።

እማዬ ደጅ ቆማ ግራ ቀኝ ታያለች።

"የት ነበርክ? ማን ይዞህ መጣ?"

"ማንም" አልኩ። ዛሬ እውነቴን ነው።