ቀኝ እግሬ የት ነበር?

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዝናብ። አዲሱን ጫማ ልቀበል ወደ ጫማ ሠሪው ሄድኩ። አንድ ብቻ አውጥቶ ሰጠኝ። የግራውን።

"ቀኙስ?"

"ወረቀቱ ግራ ነው የሚለው፣ አባቴ።"

የግራው ጫማ ሶሉ ወፍራም፣ ውስጡ ለስላሳ። እግሬ ሲገባበት ጫማ ሠሪውን መረቅሁት። ቀኙ ያው አሮጌ ስስ ጫማዬ ውስጥ ቀረ። ወደ ቤት የሄድኩት ወደ ቀኝ ተንጋድጄ ነው። ፍራፍሬ ሻጯ "ዛሬ ደግሞ በጠዋቱ ጀመርከው?" አለችኝ። መጠጥ መስሏታል።

ሚስቴ አይታኝ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ እንደገና ሳቀች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የግራውን ጫማ የፈቀደልኝን የወታደሮች ሕክምና ቦርድ ውሳኔ እንደገና አነበብኩት። በወታደርነቴ ዘመን በጠባብ ቦት ጫማ ስንቱን ተራራ ወጣሁ፣ ወረድኩ... የሁለቱም ውስጥ እግሬ መሃል ወርዶ መሬት ነክቷል። ሁለቱም! ቦርዱ ግን ምን አለ? የግራው በአገልግሎት ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። የቀኙ የተፈጥሮ ነው።

እሺ... ግራው ሲዘምት ቀኙ የት ነበር? ፈቃድ ወጥቶ ነበር? ቤት ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ይጠብቅ ነበር?

የሆስፒታሉ ሐኪም አልሸሸገኝም። "ቀኙ ቶሎ ካልታከመ ቁርጭምጭሚቱ አይሸከምህም፣ ከዚያ በኋላ ተሽከርካሪ ወንበር ነው።" ሆስፒታሉ ደግሞ ያለ ቦርዱ ወረቀት ቀኙን አይነካም። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት የለ። ተሽከርካሪ ወንበር ማለት ለኔ እድሜ ልክ በመስኮት ማየት ማለት ነው። ፈራሁ። ለሰው አልናገረውም እንጂ በጣም ፈራሁ።

ይግባኝ እላለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

የእግር ይግባኝ የሚታየው ቦርዱ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ላይ "ለሠራተኞች ብቻ" ይላል።

ዘበኛው አዘነልኝ። "የሚደግፍዎት ሰው ይዘው መውጣት ይችላሉ፣ ፈቃድ ካለዎት።"

"ፈቃዱ የት ነው የሚሰጠው?"

"አራተኛ ፎቅ።"

ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ እኔና ደረጃው እናውቃለን። ጸሐፊዋ ጨዋ ልጅ ናት፣ ውሃ ሰጠችኝ። "አባባ፣ በምን መጡ?" "በእግሬ።" ጻፈች። አንገቴን አስግጌ አየሁ... "በራሱ እግር መጣ።"

"ባልመጣስ ኖሮ?"

"ይግባኙን ትተውታል ተብሎ ይዘጋ ነበር።"

አግዳሚው ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ሞርታርን! የድሮ ጓዴን። ስሙ ከመሣሪያው የወጣለት፣ መሣሪያው ደግሞ ጆሮውን የወሰደበት። የጆሮ ይግባኝም እዚሁ ነው አለኝ። ስምህ ሲጠራ አቤት ካልክ፣ ይሰማል ተብሎ ይጻፋል። ዝም ካልክ፣ ቀረ ተብሎ።

"ታዲያ አንተ ምን ታደርጋለህ?" አልኩት።

"ምን?" አለኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ቀጠሮው ዓርብ ነው። ሚስቴ ሳሎኑን ችሎት አደረገችው። ሰብሳቢዋም እሷ።

"እስቲ ግባ።"

ገባሁ።

"ምነው ደረትህን ነፋህ?"

"ሰው ፊት ነዋ የምገባው።"

"ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ እንደምትሄደው ሂድ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዘህ።"

"እሱን ለኮሎኔል ላሳይ?" የቦርዱ ሰብሳቢ ጡረታ የወጣ ኮሎኔል ነው።

"ለማን ልታሳይ ነው ታዲያ? እኔማ አይቼዋለሁ።"

አስመስል አላለችኝም። ማስመሰሉን ተው ነው ያለችኝ። ልክ ናት። ደጋግመን ሞከርነው፣ በመጨረሻ ደህና አነከስኩ። አጨበጨበችልኝ። አይ የኛ ነገር!

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

አፈርኩ። አፈርኩ።

እስከ በሩ ድረስ እያነከስኩ ነበር። በሩ ተከፈተ። ኮሎኔሉ መሃል ተቀምጧል፣ በቀኙ የቦርዱ ሐኪም፣ በግራው ጸሐፊዋ። ድምፁን አውጥቶ "ቅረብ!" አለ። አለቀልኝ። ወገቤ ቀጥ፣ ተረከዜ ከተረከዜ ጋር ጧ! ሰላምታ! ሕመሙ እስከ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። ፊቴ ግን ንቅንቅ አላለም።

"እሰይ! ወታደር ማለት እንዲህ ነው!" አለ ኮሎኔሉ። ደስ አለው። እኔም... እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ "አሳርፍ" ማለቱን ረሳው። ሳይባል ደግሞ ማረፍ የለም። ወንበሩ አጠገቤ ነበር እኮ! ሐኪሙ ፋይሌን እያገላበጠ ሲጠይቀኝ ሁሉንም በተጠንቀቅ መለስኩ። ዓይኔ ወደ ጠረጴዛው ሥር ሾለከ። ኮሎኔሉ ጫማውን አውልቆ እግሮቹን ትራስ ላይ ሰቅሏቸዋል! ወታደር ያየውን ሁሉ አያወራም። 

ጸሐፊዋ እያዘነች ጻፈች፦ "ይግባኝ ባይ ያለ ድጋፍ ቆመ። ለረጅም ጊዜ።"

የመጨረሻ ቀጠሮ ሰጡኝ። ፈቃዱንም ሰጡኝ፤ ሚስቴን ይዤ መግባት እችላለሁ። ካልተጠየቀች ግን አትናገርም።

ቤት ስገባ ግድግዳውን ይዤ ነው የገባሁት። "ይኸው!" አለች ሚስቴ። "ይኸው! ይሄን ነበር እኮ ያልኩህ! ለነሱ ሰልፍ፣ ለኔ ስንክልክል!"

ሰኞ፣ ኅዳር 2

እስካሁን አኩርፋኛለች። የምታናግረኝ በሳህን ድምፅ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

 ቶሎ ልጻፈው።

ደረጃውን ተያይዘን ወጣን። እሷ ጉልበቷን፣ እኔ እግሬን። ሞርታር አግዳሚው ላይ ነበር፣ ስሙ ሲጠራ እንዲነካው ዘበኛውን ለምኗል። በሩ ላይ ሚስቴ ጆሮዬ ሥር፣ "አደራ፣ እንደ ቤትህ" አለችኝ። እሺ አልኳት። ከልቤ ነው እሺ ያልኩት።

"ቅረብ!"

ጧ!

ይሄ አካል የኔ አይደለም እንዴ? ማን ነው የሚያዘው? ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሲፈርስ ተሰማኝ። ዓይኔ እንባ አዘለ፣ አገጬ ግን ወደ ላይ። ሐኪሙ ከፋይሉ ቀና ሳይል "አቋሙ ጥሩ ነው" አለ። ጸሐፊዋ ብዕሯን አነሳች። በቃ፣ መስኮቱ ታየኝ። ከመስኮቱ ሥር የተቀመጥኩት እኔ ታየሁኝ።

ያኔ ከኋላዬ፣ ግድግዳ በሚያናውጥ ድምፅ...

"አሳርፍ!"

ሚስቴ!

 እንደ እርጥብ ልብስ ወንበሩ ላይ ተዘረገፍኩ፣ ወንበሩ ሸሸ፣ መሬት ወረድኩ። "እናቴ ድረሽ!" አልኩ። በኮሎኔል ፊት! ኮሎኔሉ ራሱ አሳርፍ ሲባል ከወንበሩ ወረድ ብሎ ነበር። ከኮሪደሩ ደግሞ ሞርታር "አቤት!" ሲል ተሰማ። ምስኪን... ይሰማል ተብሎ ሊጻፍበት ነው።

ሚስቴ ፈቃድ አልጠየቀችም። ተንበርክካ ቀኝ ጫማዬን አወለቀች፣ ካልሲዬን አወለቀች። ያበጠውን እግሬን ወደ ጠረጴዛው አዞረችው። "ይኸው፣ ጌታዬ። ፋይሉ ይሄ ነው።"

ሐኪሙ ዞሮ መጣ። ነካው፣ ጮህኩ። "ከቦርዱ ይሄን እግር እስካሁን ማን አየው?" አለ። ማንም። ሁሉም ያዩት ወረቀቱን ነበር።

ኮሎኔሉ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። "እመቤት፣ ትእዛዝ ማን አስተማረዎት?"

"አጥሩ" አለች። "ከካምፑ አጥር ጥግ ነበር ቤታችን። ጠዋት ጠዋት አሳርፍ ሲባል ነበር የምነሳው። እሱ ግን ጡረታ ሲወጣ አሳርፍ ያለው የለም። ይሄው ቆሞ ቀረ።"

ኮሎኔሉ ወደ እኔ ሲያጎነብስ ከጠረጴዛው ሥር ትራሱን እንዳየሁበት ገባው። ቀስ ብሎ፣ "የኔም ቀኙ ነው የሚብሰው" አለኝ።

ጸሐፊዋ የቀድሞውን ሰርዛ አዲስ ጻፈች። አንገቴን አላሰገግኩም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ቀኙ ጸደቀ። ሆስፒታሉ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጥሮኛል። ሞርታርም ተፈቀደለት፤ ዘበኛው "ስሙ ሲጠራ የምነካው እኔ ነኝ" ብሎ መሰከረለት አሉ።

ጫማ ሠሪው የቀኙን ሰጠኝና ግራውን መልስ አለኝ። "አሁን ወረቀቱ ቀኝ ነው የሚለው።" ሚስቴ አየችው።  ሁለቱንም አድርጌ ወጣሁ። ፍራፍሬ ሻጯ "ዛሬስ ቀጥ ብለሃል፣ ተውከው እንዴ?" አለች።

ቤታችን ደረጃ ላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ስደርስ፣ ጎረቤታችን በሩን ከፍቶ ወጣ። ሰው ሳይ እንደልማዴ ወገቤ ቀጥ ሊል ጀመረ... ሚስቴ ቀና ብላ ሳታይ በለሆሳስ "አሳርፍ" አለችኝ።

አረፍኩ። እዚያው ደረጃው ላይ፣ ጎረቤቱ እያየኝ። "አሞህ ነው እንዴ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። "እግሬን ያመኛል።"

ከዚያ ትከሻዋን ይዤ የቀረውን ወጣን።